መሰናክሉ በትንሹ ልክ

አገር ቤት ሰኔ ሲገባ ሰው ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። ዝናቡ ይመጣል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ሠርጉም ድግሱም መስከረም እስኪጠባ ይቆያል። በስደት አገር ግን ብዙ ነገር ተገልብጦብናልና ሰኔ የመውጫና የመጠራሪያ ወር ሆኖ አረፈው። በአዳምስ ሞርጋን ኤይቲንዝ ስትሪትን ይዞ የሚወርድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ እንጀራ ሊገዛ ብቅ የሚል ሰው የየመደብሩን መስኮት በጥሪ ወረቀት ተሸፍኖ ያገኘዋል። ኳስ አለ ኑ፣ ዘፈን አለ ኑ፣ የእከሌ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ልንገናኝ ነውና ኑ። ዛሬ መጫወት የፈለግነው ስለዚሁ «ኑ» ስለሚለው ቃል ነው፤ በተለይም ጥሪው ከሰሜን፣ ከካናዳ በኩል ሲመጣ ስለሚያስከትለው ጣጣ።

ነገሩን ከውሻ ብንጀምረው ደስ ይለናል። «ደግሞ ውሻን ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠን፤ ወደ ሰው እንመለሳለን።

እኛ አገር የውሻ ሥራ በር መጠበቅ ነው። ፈረንጆች ግን ፍላይቦል የሚሉት የውሻ ስፖርት አላቸው። ሁለት ቡድኖች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። በእያንዳንዱ ቡድን አራት ውሾች አሉ። ከፊታቸው በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት አጫጭር መሰናክሎች፣ ከመሰናክሎቹ ማዶ ደግሞ ኳስ የያዘ ሳጥን ተቀምጧል። ከመነሻው እስከ ሳጥኑ 51 ጫማ ነው። ውሻው አራቱን መሰናክሎች ይዘላል፣ ሳጥኑን በእግሩ ይመታል፣ ሳጥኑ ኳስ ይተፋለታል፣ እሱም ኳሱን በአፉ ቀልቦ መሰናክሎቹን መልሶ እየዘለለ ይመጣል። እሱ ሲገባ ቀጣዩ ይወጣል፤ የዱላ ቅብብል ሩጫ በሉት። የሰሜን አሜሪካው የፍላይቦል ማኅበር በ1980ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው በሚሺጋንና በኦንታሪዮ ቡድኖች ነው። እንግዲህ ከጥንቱም ድንበር ተሻግረው የሚጠራሩ ሰዎች ናቸው። ሳመር በመጣ ቁጥር ውሾቻቸውን መኪና ላይ ጭነው፣ የውሻውን ውኃና አልጋ ሳይቀር ይዘው፣ ጠሪያቸው ወዳለበት ይነጉዳሉ።

እኛን የሳበን ሩጫው ሳይሆን ሕጉ ነው። አንደኛ፣ የመሰናክሉ ከፍታ የሚወሰነው በቡድኑ ውስጥ ባለው በትንሹ ውሻ ቁመት ነው። ትልቁ ውሻ የቱንም ያህል ቢዘል፣ የሚለካው ትንሹ ነው። ስለዚህ ሁሉም ቡድን አንድ አጭር ውሻ ፈልጎ ያስገባል፣ ይንከባከበዋልም፤ ምክንያቱም መንገዱን ለሁሉም የሚያቀለው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ቡድኖች የሚመደቡት እንደ ፍጥነታቸው ነው። ከሩቅ የመጣ ዘገምተኛ ቡድን ከመሰሎቹ ጋር ስለሚሮጥ አንድ ጊዜ ተዋርዶ በዚያው አይመለስም። ሦስተኛ፣ ንጹሕ ዘርም ይሁን ድብልቅ፣ መሮጥ የሚችል ውሻ ሁሉ ይሮጣል፤ ዘሩ አይጠየቅም። በዚህ በሦስተኛው ላይ ለሀበሻ አንባቢ ማብራሪያ መስጠት ድፍረት ስለሚሆንብን እናልፈዋለን።

አሁን ወደ ሰው እንመለስ። እኛም የሳመር ጥሪ አለን። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በ1984 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን የኳስ ውድድር ሂዩስተን ላይ በአራት ቡድኖች አደረገ። ያ ዓመት ዓለም ኢትዮጵያን በረሃብ ፎቶግራፍ ያወቀበት ዓመት ነው። ደርግ ሥልጣን ላይ ነበር፤ ከአገር የወጣው ሰው አንዱ በሱዳን፣ ሌላው በጂቡቲ፣ ሌላው በአውሮፓ በኩል ተበትኖ መጥቶ እርስ በርሱ እንኳ አይተዋወቅም። እነዚያ ጎልማሶች ማልያ ገዝተው፣ መኪና ተጋርተው፣ ሌሊቱን ነድተው ሲሄዱ ኳሱ ሰበብ ነበር። ሲሄዱ የሚፈልጉት በሕይወት ይኑር አይኑር ያላወቁትን የሰፈር ልጅ፣ የእስር ቤት ጓደኛ፣ የአክስት ልጅ ነበር። ስታዲየም በር ላይ ሁለት ሰዎች ድንገት ተያይተው ሲላቀሱ ያየ ሰው ይህን ነገር ማብራራት አያስፈልገውም። ከዚያ ወዲህ ቡድኖቹ ከሃያ አምስት በላይ ሆኑ፤ ሳምንቱ ከጁላይ 4 ጋር ተያይዞ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ የሚዘልቅ፣ ዓርቡ የኢትዮጵያ ቀን የሚባልበት፣ እንደ ዓመት በዓል የሚጠበቅ ሆነ። በ2013 ሠላሳኛው ዓመት እዚሁ ደጃችን፣ በኮሌጅ ፓርክ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ተከበረ።

ውድድሩ በየዓመቱ ከተማ ይቀይራል። በ2016 ቶሮንቶ፣ በ2017 ሲያትል፣ በ2018 ዳላስ፣ በ2019 አትላንታ ነበር። እንግዲህ ጠሪው ከተማ ዳላስ ወይም አትላንታ ሲሆን የጉዞው ጣጣ የገንዘብና የፈቃድ ነው። ታክሲ ነጂው የሳምንት ገቢውን ይተዋል፤ ፓርኪንግ የሚሠራው ፈረቃውን ያለዋውጣል፤ ሁለት ሥራ ያላት እህታችን አንዱን አለቃ ታሞኛል፣ ሌላውን ዘመድ ሞቶብኛል ትላለች። ጠሪው ቶሮንቶ ሲሆን ግን ሌላ መሰናክል ይነሣል። ከዚህ እስከ ቶሮንቶ ፔንሲልቬንያን አቋርጦ፣ በቡፋሎ በኩል ፒስ ብሪጅን ተሻግሮ፣ ዘጠኝ ሰዓት ያህል መንዳት ነው። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ያሉት ምግብ ቤቶቻችን ከዚህ ከአዳምስ ሞርጋኖቹ ጋር ወንድማማች ይመስላሉ፤ ክትፎው ያው፣ ቡናው ያው፣ ክርክሩም ያው። መሐል ላይ ያለው ድልድይ ግን ሁሉንም እኩል አያሳልፍም።

እስቲ በየተራ እንያቸው። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ፓስፖርቱን ይዞ ያልፋል። ግሪን ካርድ ያለው የካናዳ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ከግሪን ካርዱ ጋር የአገሩን የጸና ፓስፖርት ወይም ተቀባይነት ያለው የጉዞ ሰነድ እንዲይዝ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ጊዜው ካለፈ ዓመታት የሆነው፣ ኤምባሲ መሄድ ስላልፈለገ ወይም ስላልመቸው መሳቢያ ውስጥ የተወው ስንቱ ነው? ልጆቹን ብቻውን ይዞ የሚነዳ አባት ደግሞ ከእናታቸው የፈቃድ ደብዳቤ ቢይዝ ድንበር ላይ ከሚነሣ ጥያቄ ይድናል። በሌላው አቅጣጫ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። የካናዳ ዜጋ ያለ ቪዛ ወደዚህ ይገባል፤ የካናዳ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘው ግን የአሜሪካ ቪዛ መጠየቅ አለበት። እኛ በግሪን ካርድ እነሱ ዘንድ እንገባለን፤ እነሱ በመኖሪያ ካርዳቸው እኛ ዘንድ አይገቡም። የቶሮንቶ ቡድን ዲሲ ሲመጣ ሁለት ሦስት ተጫዋቾች ጎድለውት ያያችሁ እንደሆነ «ፈርተው ቀሩ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ከሁሉም የከበደው ግን አሳይለም ጠይቆ ኬዙ ያላለቀለት ሰው ነው። እስቲ አንድ ልጅ በሐሳባችን እናምጣ። ዕድሜው ሃያ አራት ነው። ከሰፈሩ ልጆች መሐል ግራ እግሩ እንደሱ የተባረከ የለም። ማመልከቻውን ካስገባ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀጠሮው አንዴ ይቆረጣል፣ አንዴ ይተላለፋል። የሥራ ፈቃድ አለው፣ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ግብር ይከፍላል። ቡድኑ ቶሮንቶ ሊሄድ ነው። አሠልጣኙ «አንተ ከሌለህ ምን አለን?» ይለዋል። ጓደኞቹ «ኧረ ችግር የለውም፣ እከሌ ሄዶ ተመልሷል» ይሉታል። ልጁም ወጣት ነው፤ የሚወደው ነገር ደግሞ ኳስ ብቻ ነው።

ሕጉ የሚለውን እንንገራችሁ። አሳይለም የጠየቀ ሰው ውሳኔ ሳያገኝ፣ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ቅድመ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ፣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። አራት ዓመት የጠበቀው ነገር ድልድዩ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው አይ 131 በሚባለው ፎርም ነው፤ መልሱ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ፈቃዱን ቢያገኝ እንኳ ለካናዳ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ እሱም ማመልከቻው 100፣ የጣት አሻራና ፎቶው 85 የካናዳ ዶላር ነው። ቪዛው ጊዜው አልፎበት፣ ምንም ማመልከቻ ሳያስገባ የቆየ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ከወጣ ጣጣው ሌላ ነው፤ ከ180 ቀን በላይ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ከቆየ 3 ዓመት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ 10 ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት ለስደተኛ የተተረተ ይመስላል። ይህ ልጅ የያዘውን ወረቀት እንዲለቅ የሚገፋው ሰው ወዳጁ አይደለም።

«እንግዲያው በዚያው ይቅር፣ ካናዳ ትሻላለች» የሚሉም አሉ። ይህም ምክር ጊዜው ያለፈበት ነው። ድሮ በቡፋሎ በኩል ብዙ ወገን ተሻግሯል፤ ቪቭ በሚባለው የስደተኞች መጠለያ አድሮ ተራውን ጠብቆ ያለፈ ሰው በመካከላችሁ አይጠፋም። ነገር ግን ሁለቱ መንግሥታት የተዋዋሉት ስምምነት ከዲሴምበር 2004 ጀምሮ በድንበር ኬላ ጥገኝነት የሚጠይቀውን፣ ዘመድ አለኝ ከመሳሰለው ልዩ ምክንያት በቀር፣ መጀመሪያ ወደገባበት አገር ይመልሰዋል። ከማርች 25 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ ስምምነቱ በመላው የየብስ ድንበር ላይ ይሠራል። ኳስ ሊጫወት ሄዶ ልሞክረው የሚል ሰው ከሁለቱም ያጣ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከዚያም አልፎ በሚቀጥለው ዓመት ቪዛ ለሚጠይቀው ተጫዋች የሁሉንም በር ያጠባል።

ውሾቹን አስታወሳችኋቸው? እነሱም ድንበር ላይ ወረቀት ይጠየቃሉ። ወደ ካናዳ ሲገቡ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወረቀት ያሳያሉ። ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ደግሞ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላቸው፣ ማይክሮቺፕ የተደረገላቸውና ፎርም የተሞላላቸው መሆን አለባቸው። ባለቤቶቻቸው ይህን ዝርዝር ከጉዞው በፊት ተከታትለው ያሟላሉ። ሰውን ከውሻ አወዳደረ እንዳትሉን፤ ያወዳደርነው ጠሪዎቹንና አስከታዮቹን ነው። ውሻ ፎርም መሙላት እንደማይችል ስለሚታወቅ ይሞላለታል። ከአገሩ ትናንት የመጣውን፣ እንግሊዝኛው ገና ያልጠራለትን፣ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ሲደርሰው እጁ የሚንቀጠቀጠውን ልጅ ግን «እወቅበት» ብለን እንተወዋለን።

ሐሳባችን እዚህ ላይ ነው። ጥሪ የሚለካው መምጣት ለሚቀለው ሰው በሚሆነው ነገር አይደለም። ዜግነት ያለው፣ ክሬዲት ካርድ ያለው፣ የሆቴል ነጥብ ያጠራቀመው ጥሪ ባይደርሰውም ይመጣል። የጥሪው ክብደት የሚታወቀው መሰናክሉ በትንሹ ልክ ተለክቶ እንደሆነ ነው። ትንሹ ስንል በማዕረግ ወይም በችሎታ አይደለም፤ ወረቀቱ ያላለቀለት ልጅ አለ፣ ከካልጋሪ ወይም ከሲያትል የሚመጣ ገንዘብ የሌለው ቡድን አለ፣ በጡረታ የምትኖር የልጅ ልጇን ጨዋታ ማየት የምትፈልግ እናት አለች።

የገንዘቡን ነገር እንኳ በቀላል ሒሳብ ብናየው፣ ሃያ ተጫዋቾች ያሉት ቡድን የአንዱ አውሮፕላን ቲኬት 400 ዶላር ቢሆን ለቲኬት ብቻ 8,000 ዶላር ያስፈልገዋል። ሆቴሉ፣ ምግቡ፣ መመዝገቢያው ገና ነው። ይህን ገንዘብ የሚያዋጡት ባለጠጎች አይደሉም፤ ማልያው ላይ የምግብ ቤቱን ስም አስጽፈው መቶ መቶ ዶላር የሚሰጡ ወገኖች፣ ቅዳሜ ማታ ቲኬት ሸጠው ሽሮ የሚያቀርቡ እህቶች ናቸው። በቀድሞዎቹ ዓመታት ብዙ ተጫዋች የሚያድረው በጠሪው ከተማ በሚኖር ወገን ቤት፣ ምንጣፍ ላይ ነበር። «እንግዳ አንድ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን መዳብ» ቢባልም ሳምንቱን ሙሉ ወርቅ አድርገው የያዙ ቤቶች ነበሩ። አሁን ኑሮ ተሻሽሎ ሆቴል ስንለምድ ያ ልማድ ላላ። አቅም ያለው ሆቴል ይረፍ፤ ያ በር ግን ለሌለው ክፍት ሆኖ ቢቆይ ምናለ?

ሌላም ትዝታ አለን። በ2012 በአንድ ሰሞን ሁለት ጥሪ ተጠራን። ነባሩ ፌዴሬሽን ዳላስ ጠራ፤ በሼክ መሐመድ አል አሙዲ ድጋፍ የተቋቋመው ሌላው ማኅበር እዚህ ዋሽንግተን አር ኤፍ ኬ ስታዲየም ጠራ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ክርክር ዛሬ አንከፍተውም፤ በየጠረጴዛው ከበቂ በላይ ተከራክራችሁበታል። የምናነሣው አንድ ነገር ነው። ለሁለት የተከፈለ ጥሪ ዋጋውን ያስከፈለው ጠሪዎቹን ብቻ አልነበረም። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ፈቃድ የሚያገኘው፣ አንድ ቲኬት ብቻ መግዛት የሚችለው ሰው የሚፈልገው ጓደኛው ወደየትኛው ከተማ እንደሄደ ሳያውቅ መምረጥ ነበረበት። ተጣልተን ስንጠራራም መሰናክሉ ከፍ የሚለው ለትንሹ ነው።

እንግዲህ ነቀፋ ብቻ ይዘን እንዳንቀር፣ ለፌዴሬሽኑም፣ ለየከተማው አዘጋጅ ኮሚቴም፣ ለቡድን መሪዎችም የምንለው አለን። መቼም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው።

ጥሪው ድንበር የሚያሻግር ሲሆን ከተማውና ቀኑ በተቻለ መጠን ቀድሞ ይነገር። የጉዞ ሰነድና ቪዛ ወራት ስለሚፈጁ በሚያዝያ የደረሰ ጥሪ ለብዙዎች ያልደረሰ ያህል ነው። ከጥሪው ጋር አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የተጻፈ ይታተም፤ ዜጋው ምን ይዞ ይምጣ፣ ግሪን ካርድ ያለው ምን ይዞ ይምጣ፣ ኬዝ ያለው ደግሞ ጠበቃውን ሳይጠይቅ እንዳይንቀሳቀስ በግልጽ ይናገር። ቡድኖች ልምምድ ሲጀምሩ አንድ ቅዳሜ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋብዘው ልጆቻቸውን ያስመክሩ፤ በመካከላችን ለወገናቸው አንድ ከሰዓት በኋላ የማይነፍጉ የሕግ ባለሙያዎች አሉ። የቡና ላይ ጠበቃ ግን ይቅርብን፤ «እከሌ ሄዶ ተመልሷል» የሚባለው እከሌ ምን ወረቀት እንደነበረው ማንም አያውቅም።

አሠልጣኞች ሆይ፣ ከእናንተ የምንለምነው ደግሞ ይበልጣል። መሻገር የማይችል ተጫዋች ሲኖር በሰው ፊት «ለምን አትሄድም?» ብላችሁ አትጠይቁት። የኬዝ ነገር የሰው ገበና ነው። ዝርዝሩን ስታወጡ በጸጥታ ጠይቃችሁ፣ በጸጥታ ተክታችሁ፣ ማልያውን ግን አስቀምጡለት። የሚቀጥለው ዓመት ውድድር ድንበር የማያሻግር ከሆነ ቦታው የእሱ መሆኑን አሁኑኑ ንገሩት። ሰው ከቡድን የሚርቀው አንድ ውድድር ስላመለጠው አይደለም፤ የተረሳ ሲመስለው ነው።

በዚያ ሳምንት እዚህ ለምንቀረውም ሥራ አለን። ቡድናችን ሰሜን ሲሄድ መሄድ ያልቻሉት በየክፍላቸው እንዳይቀመጡ፣ ከምግብ ቤቶቻችን አንዱ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያሳይ፤ ወይም በሜዳ ላይ የቀሩት ልጆች እርስ በርሳቸው ይግጠሙ፣ እናቶችም ቡና ያፍሉ። የሄደው ሲመለስ ፎቶግራፍ ብቻ አያሳያቸው። ዳንፎርዝ ላይ ያገኘው ሰው ስለማን እንደጠየቀ፣ ማን ማንን እንደሚፈልግ በወረቀት ጽፎ ይዞ ይምጣ። ያ የመጀመሪያው የሂዩስተን ጉዞ የተደረገው ለዚህ ነበርና።

በመጨረሻም በሰሜን ላላችሁ ወገኖቻችን። ጥሪያችሁ ደርሶናል፣ እናከብረዋለን፣ የምንችል እንመጣለን። ያልመጣውን ሰው ግን ጥሪ አላከበረም አትበሉት። ምናልባት ከሁላችንም ይልቅ መምጣት የፈለገው እሱ ሊሆን ይችላል። ስሙን ጠይቁ፣ ሰላምታ ላኩለት፣ ወረቀቱ ያለቀ ዕለት ደግሞ ቤታችሁ የሚያድርበት ፍራሽ እንዳለ አስታውቁት።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።